የሁለተኛው ቅጽ ጠባቂ

የከተማዋን ስም አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም ካርታ ላይ አታገኟትም። ካርታ ሠሪዎቹ መጀመሪያ ትመረቅ ብለው እየጠበቁ ነው። በዚያች ከተማ፣ በኮሌጁ የኋላ በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት በዘበኝነት ስቀመጥ የገባውንም የወጣውንም አይቻለሁ። የማወራው ግን ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ ወዳጄ ስለ አቶ ገላነው ነው። ግማሹን በዓይኔ ያየሁት ነው። ግማሹን ደግሞ እሱ ራሱ ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ አንዳንዴም ፊቱን ከእኔ አዙሮ፣ የነገረኝ ነው።

ገላነው የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከኮሌጁ ጀርባ ካለው ፈፋ ማዶ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለ፣ ድሮ የበቅሎ ጋጣ የነበረ ረጅም የድንጋይ ቤት ነው። አራት ጠረጴዛ፣ ሃያ በርጩማ፣ አንድ መስኮት። ክረምት ሲገባ ግድግዳው በቅሎ በቅሎ ይሸታል። ተማሪው ግን ከማለዳ ጀምሮ ይሰለፋል፤ በርጩማ ያጣ መሬት ላይ፣ መሬት ያጣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ያነባል። መዝገብ የለም፤ መዝገቡ የገላነው ጭንቅላት ነው። «ያ ስለ አጥንት የሚያወራው» ስትለው ዞር እንኳ ሳይል እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ ያወጣልሃል።

በዚያ አገር መጽሐፍ ሁሉ የሚታተመው በሁለት ቅጽ ነው። አንደኛው ቅጽ ችግሩን ይናገራል፤ ሁለተኛው መፍትሔውን። ለምን እንደዚያ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሁለት ጊዜ ለመመረቅ ይመቻል ይላሉ።

ገላነው እንዲህ ሃያ ሰባት ዓመት ኖረ። ሚስት አላገባም፤ ጊዜ አልነበረውም። ማን ይፈልገኛል ብሎ ተጨንቆም አያውቅም፤ በሩን ከከፈተ እስኪዘጋ ይፈለጋል።

ከዚያ አዲሱ ሕንፃ መጣ።

ዘጠኝ ዓመት ተሠራ። በዚያ አገር የምረቃ ሹም የሚባል ባለሥልጣን አለ፤ ሥራው መቀስ መያዝ ነው። መሠረቱ ሲቆፈር መጥቶ ጉድጓዱን መረቀ። አንደኛው ፎቅ ሲያልቅ መረቀ፤ ሁለተኛው ሲያልቅ መረቀ። አንድ ጊዜ የሚመረቀው ፎቅ ሳይደርስ ቀርቶ፣ የተጠራው ሕዝብ በከንቱ እንዳይመለስ ብሎ ሲሚንቶ የጫነውን መኪና መረቀ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሕንፃው ስድስት ፎቅ ሆነ። ሊፍት ገባለት። የቡድን መወያያ፣ የጥንድ ማጥኛ፣ የብቻ ማንበቢያ ክፍሎች ተሠሩለት፤ ግድግዳቸው መስታወት ነው። አምስተኛው ፎቅ ላይ የዝምታ አዳራሽ አለ፤ የዝምታ ኃላፊ ተሹሞበት በየሩብ ሰዓቱ ደወል እየመታ «ዝምታ ነው!» ብሎ ይጮሃል። ወንበሮቹ ከነላስቲካቸው ናቸው፤ ላስቲኩ የሚነሣው በመጨረሻው ምረቃ ነው ተባለ። የመጨረሻው ምረቃ መቼ እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ገላነው ይህን ሁሉ ከጋጣው ደጃፍ ቆሞ አየ። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎት ነበር፤ ለእሱ የሚሠራ መስሎታል። ሌላ ማን አለ? ጢሙን በየቀኑ መላጨት ጀመረ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ኮት ተለካ። እኔንም «አንተን የፊት በር ነው የማስቀምጥህ» ብሎኝ ነበር።

ሹመቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ግን የተጻፈው ስም «ወይዘሪት አስናቁ» የሚል ነበር።

አስናቁ ባዕድ አይደለችም። ተማሪ ሳለች ጋጣው ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ያለችውን በርጩማ አራት ዓመት ሙሉ ያልለቀቀች ልጅ ናት። የተገነጠለ መጽሐፍ በዱቄት ሙጫ እንዴት እንደሚጠገን ያስተማራት ገላነው ነው። ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተምራ፣ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። እሱ ወረቀት የለውም።

ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ «ጥሩ ልጅ ናት፤ ይገባታል» አለኝ። የአዲስ ኮቱን ቁልፍ ይፈታል፣ መልሶ ይቆልፋል።

«ምን ሆነሃል?» ብለው፣

«ምሳ አልበላሁም» አለኝ።

እንደቀና ለራሱም የገባው ሰንበት ብሎ ነው። አንድ ጠዋት በጋጣው መስኮት ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ሲቸነክር ራሱን አገኘው። በዚያች መስኮት አዲሱ ሕንፃ ከእግሩ እስከ ራሱ ይታያል። ተማሪዎቹ «ጋሼ፣ ጨለመብን እኮ» ቢሉት «ፀሐይ መጽሐፍ ታደርቃለች» አላቸው። ያን ሁሉ ዓመት ያላደረቀች ፀሐይ!

የሆነ ሆኖ አላስችል ብሎት ሊያይ ሄደ። አስናቁ ገና ከሩቅ ስታየው ከወንበሯ ተነሣች።

«ጋሼ ገላነው! እንኳን መጡ! ይግቡ እንጂ፣ ምነው በር ላይ ቆሙ?»

ከፎቅ ፎቅ እየወሰደች አሳየችው። ጠረጴዛውን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ስንጥር የለው፣ መንገጫገጭ የለው። «ምስጥ ይብላህ» አለው በሆዱ። ሰው ጠረጴዛ እንዴት ይረግማል? እሱ ግን ረገመ። ወደ እሷ ዞሮ «ብርሃኑ በዛ፤ ዓይን ይጎዳል» አላት። ሊፍቱን ሲያይ «ሰነፍ ያደርጋል» አለ። በየመስታወቱ ውስጥ የሚያውቃቸው ተማሪዎች በላስቲኩ ላይ እየተንሸራተቱ ተቀምጠዋል፤ መጽሐፍ እንኳ ገና አልገባም፣ ባዶውን ጠረጴዛ አቅፈው ደስ ብሏቸዋል። አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩትም።

«ጋሼ፣ መጻሕፍቱ ሲመጡ እርስዎም አብረው ይመጣሉ» አለችው አስናቁ። «ለኮሌጁ ቦርድ ጽፌያለሁ። እዚህ አጠገቤ ነው የሚሆኑት።»

«አጠገብሽ?»

«አዎ። ምክትል ሆነው።»

ምክትል የምትለዋን ቃል ይዞ ወረደ። በሊፍት አልወረደም፤ ስድስቱንም ፎቅ በደረጃ ወረደ።

በሳምንቱ ከቦርዱ ደብዳቤ ደረሰው። «አዲሱ ሕንፃ ገና እንግዳ ስለሆነ ሸክም በአንድ ጊዜ እንዳይበዛበት፣ ለጊዜው ግማሾቹ መጻሕፍት ብቻ ይተላለፉ» ይላል። ገላነው ግማሽ የምትለዋን ቃል ደጋግሞ አያት። ከዚያ መጻሕፍቱን ከየመደርደሪያው እያወረደ መደርደር ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ለብቻው ሠራ። «እጄ ሲሠራ አፌ ይዘፍን ነበር» አለኝ ኋላ፣ እያፈረ።

የርክክብ ኮሚቴ መጣ፤ ቆጠረ። አራት ሺህ ሁለት መቶ ነው፤ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ወሰደ። ልክ ነው፤ ግማሽ ነው። አመስግነውት ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን አስናቁ ፈፋውን ተሻግራ መጣች። ጫማዋ ጭቃ ነክቷል።

«ጋሼ፣ የሰጡን ሁሉ አንደኛ ቅጽ ነው።»

«ግማሽ ተባልኩ፤ ግማሽ ሰጠሁ።»

«ታዲያ ተማሪው ምን ያድርግ?»

«እግር የለውም?»

አስናቁ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች። ጋጣውን ዞር ዞር ብላ አየችው፤ ዓይኗ መስኮቱ ላይ አረፈ። ከረጢቱን አየች፤ እሱን አየችው። ከዚያ «ደህና ይዋሉ» ብላ በመጣችበት ተመለሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሩጫ ሆነ። ተማሪው አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ችግሩን ያነብና መፍትሔ ፍለጋ በእኔ በር ይወጣል፤ ፈፋውን ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ጋጣው ደጃፍ ላይ ያለከልካል። ገላነው ፊቱ በራ። «አየህ!» ይለኝ ነበር፤ «የሰው ወርቅ አያደምቅም። ስድስት ፎቅ ይዘው መልሱ እኔ ዘንድ ነው።» ልጆቹ አዳልጧቸው ሲወድቁ ሳይ እኔ ይከፋኝ ነበር። እሱ አያይም ነበር፤ ወይም አያለሁ አይልም ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ጥሩ ነበር። አልቆመም። አንድ ቀን ቦርዱ በመኪና ሲያልፍ ተማሪው ሲሮጥ አየ። «ይህ ሁሉ የእውቀት ጥማት ነው!» አሉ። ወዲያው የቅጽ ማገናኛ መምሪያ የሚባል ተቋቋመ። በፈፋው ላይ ጣሪያ ያለው መተላለፊያ ተሠራ፤ የሚያስገባ አንድ በር፣ የሚያስወጣ አንድ በር፣ መሀሉ ላይ ሦስት መስኮት። መፍትሔ የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ ችግሩን በሚገባ ማወቁን የሚገልጽ የችግር ማረጋገጫ ማምጣት አለበት። ማረጋገጫውን አንደኛው መስኮት ይሰጣል፣ ሁለተኛው ማኅተም ይመታል፣ ሦስተኛው ማኅተሙ የሁለተኛው መሆኑን ያረጋግጣል። አርባ አንድ ሰው ተቀጠረ። በስር በፈፋው መሄድ ተከለከለ። ለገላነውም የሁለተኛ ቅጽ ዋና ጠባቂ የሚል ማዕረግና ወርቃማ ጥልፍ ያለው ካባ ተሰጠው። ካባውን ለብሶ በጨለማው ጋጣ ውስጥ ተቀመጠ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ደህና እንቅልፍ ተኛ።

አሁን ስለ ትርንጎ ልንገራችሁ። ትርንጎ የአዋላጅነት ተማሪ ናት። ከሩቅ፣ መኪና ከማይገባበት ወረዳ፣ የአገሯ ሰዎች መክረው ነው የላኳት፤ በዚያ ሁሉ አገር አንድ አዋላጅ የለም። ቀጭን ናት፤ ስትናገር ድምጿ አይሰማም፤ ስትሮጥ ግን ከወንዶቹ ትቀድማለች። ስለ ወሊድ የሚናገረውን አንደኛ ቅጽ ስድስት ጊዜ አንብባዋለች። እናት ላይ ሊደርስ የሚችለውን ክፉ ነገር ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። የችግር ማረጋገጫዋን ልታወጣ ስትሄድ ግን መስኮቶቹ ዝግ ናቸው፤ መተላለፊያው ለሦስተኛ ጊዜ ሊመረቅ ስለሆነ ሠራተኛው ሁሉ ለሰልፍ ልምምድ ወጥቷል። ሳምንት ጠበቀች። ፈተናው ደረሰ። ፈተናው የጠየቀው «ምን ይደርሳል?» ብሎ አይደለም፤ «ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ነው።

ወደቀች። ወደ አገርሽ ተመለሺ ተባለች።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሻንጣዋን እኔ ዘንድ አስቀምጣ ወደ ጋጣው ሄደች፤ መስኮቶቹ ያን ዕለት ክፍት ነበሩ፣ እሷ ግን በማይፈቀደው በፈፋው በኩል ሄደች። ዝም አልኳት። ገላነው ካባውን ለብሶ ተቀምጧል።

«ማረጋገጫ አለሽ?» አላት እንደ ልማዱ።

«የለኝም ጋሼ። መሄዴ ነው። መጽሐፉን አልወስድም። ያቺ ገጽ ምን እንደምትል ብቻ እንዲነግሩኝ ነው።»

«የቷ ገጽ?»

«ልጁ ከወጣ በኋላ ደሙ አልቆም ሲል። አንደኛው ቅጽ እናቲቱ ትሞታለች ብሎ ነው የሚያበቃው።»

ገላነው እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ መጽሐፉን አወጣ። ጨለማ ነው፤ ማንበብ አልቻለም። ወደ በሩ ወጣ። እሷ ከፊቱ ቁጢጥ አለች። የእናቲቱን ሆድ ከእምብርቷ በታች እንዴት አጥብቆ ማሸት እንደሚገባ፣ ሽንቷን እንድትሸና ማድረግ፣ ሕፃኑን ወዲያው ጡት ማስያዝ፣ የቱን መድኃኒት መቼ መስጠት እንደሚገባ አነበበላት። ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትደግማለች። እጇም ባዶ አየር ላይ ያሻል። ሲጨርስ «እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ» አለችው። ደገመላት።

«በቃ ይህን ያህል ነው?» አለች።

«ይህን ያህል ነው።»

«አንድ ገጽ እኮ ነው ጋሼ።» ሳቅ እንደማለት አለች። «እናቴ እንዲህ ሆና ነው የሞተችው። ብዙ ነገር ይመስለኝ ነበር።»

ጉልበቱን ስማ ሄደች። አልወቀሰችውም፤ የሚወቀስ ነገር እንዳለም አታውቅም። ገላነው መጽሐፉን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ካባው ከበደው። አውልቆ መሬት ላይ ጣለውና ወደ ቦርዱ ሄደ።

ቦርዱ ፊት የተናገረውን ቃል በቃል ነግሮኛል። «ክቡራን» አለ፣ «ቅጾቹን የለያየኋቸው እኔ ነኝ። አስቤበት ነው። በቅናት ነው።»

ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊው ዞረ። ጸሐፊው መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠ። «ቅናት የሚል አንቀጽ የለም» አለ።

«በመመሪያው የሌለ ነገር ደግሞ ኮሌጁ ውስጥ ሊኖር አይችልም» አለ ሰብሳቢው። «ትሕትናዎ ደስ ይላል፣ አቶ ገላነው። ቃለ ጉባኤው ላይ የሥራ ተነሳሽነት ብለን እንይዘዋለን።»

«ጌታዬ፣ ልጅቷ ወደቀች እኮ!»

«መምሪያው አርባ አንድ ሠራተኛ አለው። እነሱ ይውደቁ ነው የሚሉት?»

ሁለተኛ ካባ ሸልመው ሸኙት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አስናቁ ወጣ። ስድስተኛ ፎቅ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆርጧል። «አስናቁ፣ ቀንቼብሽ ነው» አላት፣ ሳይቀመጥ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ከረጢቱን ያየሁ ዕለት።»

«ታዲያ ዝም አልሽ?»

አስናቁ ዓይኗን ሰበረች። «እኔስ አልቀናሁም መሰለዎት? ከተሾምኩ ጀምሮ ልጆቹ ‹ጋሼ ገላነው ቢሆኑ ሳያዩ ያወጡልን ነበር› ሲሉኝ ነው የከረሙት። ኃላፊዋ እኔ፣ ስሙ የእርስዎ። በፈፋው ሲንገላቱ ሳይ፣ ልጆቹ እስኪጠሉዎት፣ እስኪማረሩብዎት ልጠብቅ አልኩ። ያቺን ልጅ እኔም ነኝ የጣልኳት።»

ከታች የዝምታ ኃላፊው ደወል ተሰማ። ከዚያ ገላነው «ሸክም ትችያለሽ?» አላት።

መተላለፊያው ለአራተኛ ጊዜ በተመረቀበት ቀን፣ ሹማምንቱም አርባ አንዱም ሠራተኛ መቀሱን ከበው በቆሙበት ሰዓት፣ ገላነውና አስናቁ ሁለተኛውን ቅጽ በጀርባቸው አዝለው በፈፋው ወጡ። ሁለተኛውን ዙር ሳይጨርሱ ተማሪዎቹ አዩአቸው። ማንም ሳያዛቸው ከጋጣው ደጃፍ እስከ ሕንፃው ደረጃ ተሰልፈው ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል ጀመሩ። እኔ በሩ ላይ መመሪያዬን አወጣሁ። «መጽሐፍ ይዞ መውጣት ክልክል ነው» ይላል። እነሱ እየገቡ ነው። መግባት ክልክል ነው የሚል አጣሁ። ዱላዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ እኔም ሰልፉ ውስጥ ገባሁ። ከወዲያ ማዶ ጭብጨባ ሲሰማ፣ የመጨረሻው መጽሐፍ በእጄ አለፈ። ልጆቹ የወንበሩን ላስቲክ ያን ዕለት ራሳቸው ቀደው ጣሉት።

የተፈጠረውን ቦርዱ ያወቀው በሁለት ወሩ ነው። ማወቁንም በቃለ ጉባኤ አልያዘውም፤ ከያዘው መምሪያውን መዝጋት ይመጣልና። መምሪያው ዛሬም አለ፤ የችግር ማረጋገጫ ይሰጣል፤ ተማሪው ለመታሰቢያ ያወጣዋል። ጋጣው ወር ሳይሞላው የአንድ የቦርድ አባል በቅሎዎች ገቡበት። ገላነውም ምክትል ሆነ። ከአስናቁ ሰፊ ጠረጴዛ አጠገብ ጠበብ ያለች ጠረጴዛ ተሰጠችው። ጠዋት ጠዋት ሲቀመጥ ሰፊውን ጠረጴዛ በዓይኑ ይለካ ነበር፤ ምሳ ሲደርስ ይተወዋል።

ለትርንጎ «ተመልሰሽ ተፈተኚ» የሚል ደብዳቤ ተጻፈላት። ቃሉን ያረቀቀው ገላነው ነው፤ ሦስት ቀን ፈጅቶበታል። ፊርማውና ማኅተሙ ግን የኃላፊ ነው። በዓመቱ መጣች። ሁለቱን ቅጽ ጎን ለጎን ዘርግታ በሁለተኛው ፎቅ፣ ለብቻ በሚነበብበት ክፍል ውስጥ ከረመች። ገላነው በየቀኑ በዚያ በኩል የሚያልፍበት ምክንያት አያጣም ነበር።

ውጤት የተለጠፈ ቀን እኔ ደብዳቤ ላደርስ ስድስተኛ ፎቅ ነበርኩ። ደረጃው ላይ የሚሮጥ የእግር ኮቴ ተሰማ። ትርንጎ ሊፍቱን አልጠበቀችም። ስትገባ ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ትስቃለች። ገላነው ከበሩ ቅርብ ነበር፤ ተነሣ፤ እጁን ዘረጋ። ትርንጎ በእሱ በኩል አልፋ አስናቁ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ! ያ ደብዳቤ ባይደርሰኝ የት እገኝ ነበር!» ትላለች። አስናቁ በልጅቷ ትከሻ ላይ ሆና ወደ ገላነው አየች፤ ልትናገር አፏን ከፈተች። እሱ ራሱን ነቅንቆ ከለከላት።

የዘረጋውን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ጠረጴዛዋ ላይ አሳረፈው። ጠጋ ብዬ በጆሮው «ቀናህ እንዴ?» አልኩት።

እጁን ከጠረጴዛዋ ላይ አነሣ።

«ቀናሁ» አለኝ። «በጣም ቀናሁ። ግን ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው ሰማህልኝ?»